መስኮቱ ተቀየረ፣ ቤቱ ያው ነው

ሮማኒና በሮም ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ አናኚና ከሚባለው የሜትሮ መጨረሻ አለፍ ብሎ፣ ከተማዋን ከሚዞረው ቀለበት መንገድ አጠገብ ያለ ሰፈር ነው። ሀበሻው ሰፈሩን የሚያውቀው ከገበያ ማዕከሉ ይልቅ «ሰላም ፓላስ» በሚባለው ሕንፃ ነው። ሕንፃው ቀድሞ የቶር ቬርጋታ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጽሑፍ ፋኩልቲ ነበር፤ ከ2006 ጀምሮ ግን (ዓመቶቹን የምቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው) ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከሶማሊያ የመጡ ስደተኞች መጠለያቸው አድርገውታል። እንዲህ ባለ ሰፈር ኮምፒውተር የቅንጦት ዕቃ አይደለም። የሥራ ማመልከቻው፣ የልጅ ትምህርት ቤት ምዝገባው፣ የድጎማው ጉዳይ ሁሉ በኢንተርኔት ያልፋል። የጣሊያን የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት ኢንፕስ እንኳ ከኦክቶበር 2021 ወዲህ የድሮውን ምስጢር ቁጥር ትቶ፣ ስፒድን የመሰለ ዲጂታል መታወቂያ ላልያዘ ነዋሪ የኢንተርኔት በሩን አይከፍትም። ስለዚህ አንድ ጠዋት ስክሪኑ ላይ «ይህ ኮምፒውተር ለዊንዶውስ 11 አይበቃም» የሚል ማስታወቂያ ብቅ ሲል፣ ነገሩ የቴክኖሎጂ አፍቃሪዎች ወሬ መሆኑ ይቀርና የኪስ ጉዳይ ይሆናል።

በዚህ ጊዜ ከየአቅጣጫው የሚመጣው ምክር አንድ ዓይነት ነው፦ ዊንዶውስ 10 አብቅቶለታል፣ አዲሱ ይሻላል፣ ማሽኑ አልችል ካለ ማሽኑን ቀይር። ሻጩ እንዲህ ቢል አይፈረድበትም፣ እንጀራው ነው። የሚገርመው ምንም የማይሸጥ ሰው፣ ወንድም ለወንድሙ፣ ልጅ ለእናቱ ይህንኑ ቃል በቃል መድገሙ ነው። ምክሩ የተሳሳተ ነው እላለሁ፤ ስሕተቱም ያለው ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን አንድ ከረጢት ውስጥ ከትቶ በአንድ ዋጋ መሸጡ ላይ ነው። አንደኛው ጥገና ነው፤ ሌቦች የሚገቡበት ቀዳዳ በተገኘ ቁጥር ኩባንያው በየወሩ የሚልከው መድፈኛ። ሁለተኛው አዲስ የቤት ዕቃ አደራደር ነው፤ አልጋው ወደ ግራ፣ ቁም ሳጥኑ ወደ ቀኝ። ጥገናው የግድ ያስፈልጋል። ለአደራደሩ ሲባል ግን ደህና የሚሠራ ኮምፒውተር የሚጣልበት ምክንያት አይታየኝም።

እውነቱን ከሥሩ እንየው። ማይክሮሶፍት ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ በእኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018፣ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። ያን ቀን የትኛውም ኮምፒውተር አልጠፋም፤ በማግስቱም ሁሉም እንደወትሮው ተከፍቷል። የቆመው የነፃ ጥገናው ነው። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ከ2021 ጀምሮ በገበያ ላይ ያለ ሲሆን፣ ለመጫን ቲፒኤም 2.0 የሚባል የቁልፍ መያዣ ቺፕ፣ ቢያንስ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ማስቀመጫና ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ ከ8ኛ ጀነሬሽን ወዲህ የተሠራ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ይህ የመጨረሻው ነው ብዙውን ሰው በር ላይ የሚመልሰው። በ2017 መጀመሪያ አዲስ የተገዛ ባለ 7ኛ ጀነሬሽን ኮር አይ ፋይቭ ላፕቶፕ፣ ቲፒኤም 2.0 ቢኖረውም እንኳ፣ አይበቃም ተብሏል። ለደኅንነት ሲባል የተሰመረ መስመር ነው ይሉናል። ይሁን። ግን ከ7ኛው ጀነሬሽን ጥቂት ፕሮሰሰሮች በልዩ አስተያየት አልፈዋል፤ ካለፉት አንዱ ማይክሮሶፍት ራሱ ሠርቶ ይሸጠው በነበረው ሰርፌስ ስቱዲዮ 2 ውስጥ ያለው ነው። መስመሩን ያሰመረው እጅ የራሱ ዕቃ ዘንድ ሲደርስ ትንሽ እንደታጠፈ ማየት ይበቃል።

ያ ሁሉ መሥፈርት ተሟልቶ ሲጫን የሚገኘውስ ምንድን ነው? ጠጋ ብለን እንየው። በዊንዶውስ 10 አንድ ፋይል ላይ ራይት ክሊክ ሲደረግ «ቁረጥ»፣ «ቅዳ»፣ «ስም ቀይር» የሚሉት ቃላት በተርታ ይወርዳሉ። ዊንዶውስ 11 ሲወጣ እነዚህን ቃላት ከዝርዝሩ አናት ላይ ወዳሉ ትንንሽ ሥዕሎች ለወጣቸው፤ አብዛኛውን ቀሪ ደግሞ «ተጨማሪ አማራጮችን አሳይ» ከሚል አንድ መስመር ጀርባ ደበቀው። አንድ የነበረው ክሊክ ሁለት ሆነ ማለት ነው፣ በቀን ስንት ጊዜ። በስክሪኑ ግርጌ ያለውን ታስክባር እንውሰድ። ሦስት የወርድ ሰነድ የከፈተ ሰው በዊንዶውስ 10 ከፈለገ የእያንዳንዱን ስም ከታች ተጽፎ ያገኘዋል፦ ይኸ ሲቪው ነው፣ ይኸ ለቀጣሪው የሚላከው ደብዳቤ ነው፣ ይኸ የኪራይ ውሉ ነው። የ2021ዱ ዊንዶውስ 11 ሦስቱንም አንድ ሰማያዊ ምልክት ውስጥ አጨቃቸው፤ የቱ የቱ እንደሆነ ለማወቅ ማውሱን እላዩ ላይ አድርጎ መጠበቅ ግድ ሆነ። ሰው ሁሉ ሲጮህ፣ በ2023 መጨረሻ ላይ አማራጩ ተመለሰ፤ ያውም ከአዲስ ገጸ በረከቶች ጋር ተደርድሮ። ከቤትህ የወሰዱትን ወንበር ከሁለት ዓመት በኋላ ሪባን አስረው ሲያመጡልህ ምን ይባላል?

ደግሞም ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ2012 የወጣው ዊንዶውስ 8 ሰው ከ1995 ጀምሮ የለመደውን የስታርት ቁልፍ ከማዕዘኑ ነቅሎ ስክሪኑን በሙሉ በቀለም ጡቦች ሞላው። ያን ጊዜም «የወደፊቱ ይህ ነው፣ ልመዱት» ተብሎ ነበር። በዓመቱ 8.1 ሲመጣ ቁልፉ ተመለሰ፣ በ2015 ዊንዶውስ 10 ሲመጣ ደግሞ ዝርዝሩም ተከትሎ ተመለሰ። በ2012 የሮጡት ሰዎች ሦስት ዓመት ደክመው የደረሱት ዊንዶውስ 7 ላይ የቆየው ሰው ከነበረበት ብዙም የማይርቅ ቦታ ነው። ቁጭ ብሎ የጠበቀው ሰነፍ አልነበረም ለማለት ነው።

እዚህ ላይ ከእኔ በተቃራኒ ሊነሣ የሚችለውን ትልቁን ማስረጃ ራሴ ላንሣ፤ የራሳችን ታሪክ ነውና። አማርኛ በኮምፒውተር የሚጽፍ ሰው አንድ ጊዜ በእውነት ያተረፈበት ለውጥ አለ። ከዚያ በፊት የግዕዝ ፊደልን የሚያጽፉ ፕሮግራሞች ብዙ ነበሩ፣ ግን እያንዳንዱ ለ«ሀ» የየራሱን ቁጥር ሰጥቶ ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፕሮግራም የሌለው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የነጠብጣብ ዝብርቅርቅ ይሆናል፤ አዲስ አበባ የተጻፈው ሮም ላይ አይነበብም። በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ገብቶ ለእያንዳንዱ ሆሄ ዓለም ሁሉ የሚስማማበት አንድ ቁጥር ተሰጠው። ያም ሆኖ ዊንዶውስ ኤክስፒ ፊደሉን የሚያሳይ ፎንት ይዞ አልመጣም፤ ሰው ራሱ ካልጫነ የሚያየው ባዶ አራት ማዕዘን ነበር። በ2007 መጀመሪያ ለሕዝብ የወጣው ዊንዶውስ ቪስታ ነው «ኒያላ» የሚል የአገራችን አጋዘን ስም ያለው የግዕዝ ፎንትና የአማርኛ መጻፊያ አብሮት የመጣው። ቪስታን ደግሞ ዓለም በሙሉ ነው የረገመው፤ ከብዷል፣ ይንቀራፈፋል፣ በየደቂቃው ፈቃድ ይጠይቃል ተባለ። የተረገመውም በትክክል ነው። ለእኛ ግን ከዊንዶውሶች ሁሉ ትልቁን ስጦታ ያመጣው እሱ ነው።

ታዲያ ይህ «አዲሱ ምንጊዜም ይሻላል» የሚለውን አያረጋግጥም? አያረጋግጥም፤ መለኪያውን ግን ይሰጠናል። ቪስታ የጠቀመን መስታወት በሚመስለው ጠርዙ ወይም በአዲሱ መልኩ አይደለም፤ ትናንት የማይቻለውን ስላስቻለ ነው። ጥያቄው ይኸው ነው፦ ትናንት የማልችለውን ምን አስቻለኝ? ዊንዶውስ 11ን በዚህ ጥያቄ ፊት ብናቆመው፣ አማርኛ ለሚጽፍ፣ ቅጽ ለሚሞላ፣ ቪዲዮ ለሚያይ፣ ከቤተሰብ ጋር ለሚነጋገር ሰው የሚሰጠው መልስ ቀጭን ነው። ፎንቱ በዊንዶውስ 10ም አለ። ኪማንን የመሰለው ነፃ የፊደል መጻፊያ በዊንዶውስ 10ም፣ ሊኑክስ በሚባለው ነፃ ሥርዓትም፣ በማክም ይሠራል። ክብ የሆኑት የመስኮት ማዕዘኖች ያምራሉ፣ አልክድም። ነገር ግን ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም ያሉት አባቶች ስለ ማዕዘን ክብነት ቢጠየቁም ሌላ መልስ የሚሰጡ አይመስለኝም።

«ደኅንነቱስ?» ይላል ተሟጋቼ፤ ከክርክሮቹ ሁሉ ክብደት ያለውም ይኸኛው ነው። ማስረጃ ከፈለገ ሩቅ አይሄድም፣ ሮም ውስጥ ያገኛል። ከጁላይ 31 ወደ ኦገስት 1 ቀን 2021 በሚያሸጋግረው ሌሊት የላትሲዮ ክልል አስተዳደር ኮምፒውተሮች ራንሰምዌር በሚባለው ቆልፎ ገንዘብ ጠያቂ ቫይረስ ተመቱ፤ በኮቪድ ክትባት ዘመቻ መሃል የቀጠሮ መያዣው ድረ ገጽ ለቀናት ተዘጋ። ቫይረሱ የገባው በአንድ ሠራተኛ ላፕቶፕ በኩል ነበር። የጣሊያን የግል መረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን በ2024 ውሳኔውን ሲያሳውቅ የክልሉን የመረጃ ሥርዓት በሚያስተዳድረው ላትሲዮክሬያ ላይ 271,000 ዩሮ፣ በክልሉ አስተዳደር ላይ 120,000 ዩሮ ቅጣት ጣለ፤ በጥፋትነት ካነሣቸው መካከል ዋናው ወቅታዊ ያልተደረጉ ሥርዓቶችን መጠቀም ነው። ይህን ማስረጃ ሳልሸራርፍ እቀበላለሁ። ያልተጠገነ ኮምፒውተር ይዞ ባንክ ውስጥ መግባት ሞኝነት ነው፤ «እኔን ማን ይሰርቀኛል» የሚለው ሰው ቫይረስ ስም እየመረጠ የሚሄድ መስሎት ነው።

ግን ቅጣቱ የተጣለው በምን ላይ እንደሆነ እናስተውል፦ ጥገናን በመተው፣ ጥቃቱን በጊዜ ለይቶ ባለማወቅ፣ መረቡን ባለመጠበቅ። አደራደሩን ባለመቀየሩ የተቀጣ የለም። ጥገናና አደራደር የሚነጣጠሉ መሆናቸውን ደግሞ ማይክሮሶፍት ራሱ መስክሯል፤ መደበኛው ድጋፍ ካበቃ በኋላ ለዊንዶውስ 10 የተራዘመ የደኅንነት ጥገና እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ለግለሰቦች አቅርቧልና። ለድርጅቶችማ በክፍያ እስከ 2028 ይሸጥላቸዋል። ጥገናው የማይቻል ቢሆን ኖሮ አይሸጥም ነበር። ስለዚህ «ወይ 11 ወይ አደጋ» የሚለው ምርጫ የውሸት ምርጫ ነው፤ በመሃል ሦስተኛ በር አለ፣ በሩም ክፍት ነው።

የዚህ በር ታሪክ ራሱ ትምህርት አለው። በመጀመሪያ ለግለሰቡ የቀረቡት መንገዶች ሦስት ነበሩ፦ 30 ዶላር መክፈል፣ ወይም 1,000 የማይክሮሶፍት ነጥብ መስጠት፣ ወይም የኮምፒውተሩን ማስተካከያዎች ወደ ኩባንያው ደመና እንዲገለበጡ መፍቀድ። በጣሊያን አልትሮኮንሱሞን በአባልነት የያዘው የአውሮፓ ሸማቾች ኅብረት ዩሮኮንሲዩመርስ ይህ ነገር ተገቢ አይደለም ብሎ ተሟገተ፤ በሴፕቴምበር 2025 ኩባንያው ለአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጠና ነዋሪዎች ቅድመ ሁኔታውን አነሣ። ሮማኒና ያለ ሰው አካውንት ከፍቶ ቢያንስ በ60 ቀን አንዴ መግባት ብቻ ነው የሚጠበቅበት፤ ገንዘብም ግልባጭም የለም። አዲስ አበባ ያለው ወንድሙ ግን በእነዚያው ሦስት መንገዶች ላይ ነው፤ የውጭ ምንዛሪ ካርድ ለሌለው ሰው ደግሞ 30 ዶላሩ ከብዛቱ ይልቅ መክፈያው ነው የሚቸግረው። ተመሳሳይ ላፕቶፕ፣ ተመሳሳይ ቀዳዳ፣ ሁለት ዓይነት ሕግ። ልዩነቱን ያመጣው አንደኛው ወገን ማስታወቂያውን እንዳነበበ ከመቀበል ይልቅ «ለምን?» ብሎ መጠየቁ ነው። አዲሱን ግዛ የሚለው ምክር ይህን ጥያቄ ነው የሚያፍነው።

ሌላው ተቃውሞ «ይዋል ይደር እንጂ ፕሮግራሞቹ እንቢ ይሉሃል» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ይዋል ይደር እንጂ። ግን ምን ያህል ይውላል? የዊንዶውስ 7 ድጋፍ ያበቃው በጃንዋሪ 2020 ነው፤ ክሮም የተባለው ማሰሻ ግን እስከ 2023 መጀመሪያ ድረስ አብሮት ቆየ። ለዊንዶውስ 10ም ኤጅ የተባለው ማሰሻ ቢያንስ እስከ ኦክቶበር 2028 ጥገና እንደሚያገኝ ማይክሮሶፍት አስታውቋል፤ የራሱ ፀረ ቫይረስም እንዲሁ። የስፒዱ፣ የኢንፕሱ፣ የባንኩ ሥራ ሁሉ የሚሠራው ማሰሻው ውስጥ ነው። ከማሰሻው ውጭ ስታርት ቁልፉ መሃል ይቀመጥ ማዕዘን ላይ፣ ለኢንፕስ ግዱም አይደለም።

የጣሊያን ሕግ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አንድ ጥሩ ልማድ አዟል። በ2005 የወጣው የዲጂታል አስተዳደር ሕግ በ68ኛው አንቀጹ፣ መሥሪያ ቤቶች ሶፍትዌር ከማግኘታቸው በፊት አማራጮችን፣ ነፃውንና ክፍት የሆነውን ጨምሮ፣ በዋጋም በጥቅምም እንዲያወዳድሩ ያስገድዳል። በዚሁ መንፈስ የመከላከያ ሚኒስቴሩ በሴፕቴምበር 2015 ሮም ላይ ስምምነት ፈርሞ ሊብሬኦፊስ የተባለውን ነፃ የቢሮ ፕሮግራም ወደ ሠራዊቱ ኮምፒውተሮች ማስገባት ጀመረ። ልብ በሉ፦ ዊንዶውሱን አልነቀለም፣ ማሽኖቹን አልጣለም፤ የሚከፍልበትን ለይቶ የማያስፈልገውን ተወ። ጄኔራሎች ይህን ያህል ካወዳደሩ፣ በወር ደመወዙ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው የማያወዳድርበት ምክንያት የለም። እርግጥ ይህን መንገድ እስከ ጥግ የተጓዙ ሁሉ አልተሳካላቸውም። የጀርመኗ ሙኒክ በ2003 ወደ ሊኑክስ ለመዛወር ወስና 15,000 ያህል ኮምፒውተሮችን ካዛወረች በኋላ በ2017 ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነች። ስለዚህ ሁሉም ሊኑክስ ይጫን አልልም። ጥገናው ሲያበቃ ግን ማሰሻና ደብዳቤ ብቻ ለሚጠቀም ሰው ሊኑክስ ሚንት ያለ ዋጋ ለቀድሞው ላፕቶፕ ተጨማሪ ዓመታት እንደሚሰጥ ማወቅ ምንም አይጎዳም። ቀርፋፋነት ከሆነ ችግሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ውስጡ የሚሽከረከረው አሮጌ ሃርድ ዲስክ ነው፤ እሱን ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን ማስቀመጫ መተካት ከአዲስ ላፕቶፕ ዋጋ ጥቂቱን ነው የሚፈጀው።

ኮምፒውተሩ መሥፈርቱን የሚያሟላ ሰው ይቀይር፣ አልከለክልም፤ ፋይሉን በፍላሽ ካስቀመጠና ትርፍ ሰዓት ካለው የሚያጣው ጥቂት ነው። ክርክሬ ከሚገዛው ሰው ጋር ነው። የገበያ ጥናት ድርጅቱ ካናሊስ በዚህ ለውጥ ምክንያት 240 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተሮች ወደ ቆሻሻ ሊሄዱ ይችላሉ ብሎ በ2023 ገምቶ ነበር። ከእነዚህ መካከል በሻንጣ ተጭነው ከፊዩሚቺኖ ቦሌ የሚደርሱ አይጠፉም፤ እዚህ «አለቀለት» የተባለው እዚያ ለተማሪ የመጀመሪያ ኮምፒውተር ይሆናል፣ ጥሩ ነገር ነው። ችግሩ ማስፈራሪያውም አብሮት መሄዱ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ለማስፈራሪያው ቀላል መድኃኒት ተገኝቶለታል። ኮምፒውተር ሠሪው ፍላሹን ይሰካል፤ ሩፈስ በተባለች ትንሽ ፕሮግራም የፕሮሰሰሩንና የቲፒኤሙን ፍተሻ ዘሎ፣ ብዙ ጊዜም ክራክ የተደረገ፣ ማለት ፈቃዱ የተሰበረ፣ ዊንዶውስ 11 ይጭናል። ማይክሮሶፍት በበኩሉ መሥፈርቱን በማያሟላ ኮምፒውተር ላይ ለተጫነ ዊንዶውስ 11 የደኅንነት ጥገና ለመድረሱ ዋስትና እንደማይሰጥ በግልጽ ጽፏል። ክራክ ማድረጊያው ውስጥ ማን ምን እንደጨመረበት የሚያውቅም የለም። ባለቤቱ ግን ላፕቶፑን ከፍቶ መሃል ላይ የተሰደሩትን ምልክቶችና ክቡን ማዕዘን ያያል፤ «አሁን አዲስ ሆነ» ብሎ ሂሳቡን ከፍሎ ይወጣል። አደራደሩን አግኝቷል። ጥገናው ይድረሰው አይድረሰው ግን ዋስ የሚሆንለት የለም።